ለኮርስ ብስክሌት ቀላል የካርቦን ጎማ በአነስተኛ ገንዘብ እንዴት ይመረጣል፦ ለባሕር ዳር ነጂዎች የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

የካርቦን ጎማ ለመግዛት ገንዘብ ያጠራቀመ የኮርስ ብስክሌት ነጂ ዘወትር የሚያስቀድመው ጥያቄ «ስንት ግራም ነው?» የሚል ነው። ይህ መመሪያ ያንን ጥያቄ ሆን ብሎ ወደ ኋላ ያዘገየዋል። ጎማው ባሕር ዳር ከገባ በኋላ ዕድሜውን የሚወስነው ክብደቱ አይደለም፤ ከብስክሌቱ ጋር መግጠሙ፣ የፍሬኑን ሙቀት መቻሉና አንድ ሽቦ ሲበጠስ እዚሁ ከተማ ውስጥ መጠገን መቻሉ ነው። ገንዘቡ የተትረፈረፈለት ሰው ሲሳሳት ሌላ ይገዛል፤ ይህ ጽሑፍ ግን አንድ ጊዜ ብቻ መግዛት ለሚችለው ነው።

ስለ ቃላቱ አስቀድሞ መግባባት ይበጃል። እዚህ «ጎማ» ሲባል ሞዞው (መሀል ላይ ያለው እምብርት)፣ ሽቦዎቹና ቸርኬው (ዙሪያውን ያለው ክብ ጠርዝ) ተገጣጥመው ያሉበት ሙሉ ክፍል ነው። በላዩ ላይ የሚለብሰው «የውጭ ጎማ»፣ አየር የሚሞላው ደግሞ «የውስጥ ጎማ» ተብሏል።

አንደኛ፦ ከመግዛት በፊት የራስን ብስክሌት መለካት

ማስታወቂያ ከማየት በፊት ብስክሌቱን ገልብጦ ሜትር ይዞ መቀመጥ ያስፈልጋል። መጀመሪያ የሚታየው ፍሬኑ ነው፤ ቸርኬውን ግራና ቀኝ የሚይዝ ነው ወይስ ዲስክ? ቸርኬ ያዥ ፍሬን ባላቸው የኮርስ ብስክሌቶች ላይ በአብዛኛው የፊት ሹካው የውስጥ ስፋት 100 ሚሊ ሜትር፣ የኋላው ደግሞ 130 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ጎማው የሚታሰረው በእጅ በምትታጠፍ ቀጭን ማጥበቂያ ነው። የአሁኖቹ የዲስክ ብስክሌቶች ግን ከፊት 100፣ ከኋላ 142 ሚሊ ሜትር ሆነው 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ተሽከርክሮ የሚጠብቅ ዘንግ ይጠቀማሉ። በእነዚህ መካከል ደግሞ ከኋላ 135 ሚሊ ሜትር ሆነው በቀጭን ማጥበቂያ የሚታሰሩ የመጀመሪያ ዘመን የዲስክ ብስክሌቶች አሉ። እነዚህን የያዘ ሰው ሻጩን ስለ መለዋወጫ ጫፎች ሳይጠይቅ መግዛት የለበትም።

ቀጥሎ የሚታየው የኋላው ካሴት፣ ማለትም ሰንሰለቱ የሚዞርበት የጥርሶች ክምር ነው። የሺማኖ ባለ 11 ማርሽ ካሴት የሚቀበል ሞዞ ባለ 8፣ 9 ወይም 10 ማርሹንም ይቀበላል፤ ነገር ግን ከካሴቱ ጀርባ 1.85 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላት ሮንዴላ ትገባለች። ያለዚህች ሮንዴላ ካሴቱ ምንም ያህል ቢጠብቅ ይንቀጠቀጣል፤ ብዙ ሰው «ጎማው ብልሽት አለው» ብሎ የሚያማርረው በዚህች አንዲት ቀለበት ምክንያት ነው። ትንሿ ጥርሱ 10 የሆነ የስራም ባለ 12 ማርሽ ካሴት ያለው ሰው ኤክስ ዲ አር የሚባለውን የካሴት መቀመጫ ለይቶ ማዘዝ አለበት፤ ካምፓኞሎም የራሱ መቀመጫ አለው። ዲስክ ከሆነ ዲስኩ በስድስት ብሎን የሚታሰር ነው ወይስ መሀል ላይ በአንድ ቀለበት የሚቆለፍ የሚለውም መታወቅ አለበት።

በመጨረሻ በፍሬሙና በአሁኑ የውጭ ጎማ መካከል ያለው ክፍተት ይለካል። በሁለቱም ጎን ቢያንስ 4 ሚሊ ሜትር ካልቀረ ሰፋ ያለ ጎማ አይታሰብም። በክረምት ጭቃ ተለጥፎ ሲመጣ ያ ክፍተት የሚሞላበትን ፍጥነት ከከተማው ወጣ ብሎ የሚነዳ ሁሉ ያውቀዋል።

ሁለተኛ፦ የፍሬኑ ነገር

ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ ዘሎ የሚያነብ ሰው ቢኖር ይህንን ክፍል ብቻ አይዝለል። የካርቦን ቸርኬ ክሮቹን አጣብቆ የሚይዘው ሙጫ ነው። በቸርኬ ያዥ ፍሬን ረጅም ቁልቁለት ሲወረድ የፍሬኑ ጎማ ቸርኬውን ያግለዋል፤ ሙጫው ከሚችለው በላይ ከጋለ ይለሰልሳል፣ በአየሩ ግፊት የተወጠረው የቸርኬው ከንፈር ወደ ውጭ ያብጣል፣ ከዚያም ይሰነጠቃል ወይም የውጭውን ጎማ ይለቃል። የአሉሚኒየም ቸርኬ በአንጻሩ ሙቀቱን በፍጥነት ወደ አየሩ ያሰራጨዋል። ውድ የካርቦን ጎማዎች ሙቀትን በሚቋቋም ሙጫ ስለሚሠሩ የተሻሉ ናቸው፤ በርካሾቹ ላይ ግን አምራቹ የቆጠበው ብዙውን ጊዜ እዚያው ላይ ነው፣ ይህም በዓይን አይታይም።

ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ ብቻ ለሚነዳ ሰው ይህ ሩቅ ስጋት ሊመስለው ይችላል፤ ከቤዛዊት ኮረብታ ወርዶ ቸርኬ ያቃጠለ የለምና። ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ የሚወርድ ሰው ግን ሌላ ነገር ያጋጥመዋል። በደጀንና በጎሐ ጽዮን መካከል ያለው የዓባይ በረሃ ደግሞ ከሁለቱም አፋፍ እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ስለሆነ፣ በየኩርባው የሚሳቡ ከባድ መኪናዎች ተጨምረውበት ነጂው ፍሬኑን ሳይለቅ እንዲወርድ ያስገድደዋል። በተጨማሪም የካርቦን ቸርኬ ሲረጥብ ፍሬኑ የሚይዘው ዘግይቶ ነው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ዝናብ፣ ባጃጅ በድንገት በሚታጠፍበት መንገድ፣ ይህ መዘግየት ዋጋ አለው።

ስለዚህ የጸሐፊው ፍርድ ግልጽ ነው። ብስክሌቱ ቸርኬ ያዥ ፍሬን ያለው ከሆነና ገንዘቡ አነስተኛ ከሆነ ካርቦኑ ይቅርና ክብደቱ ከ1,500 እስከ 1,600 ግራም የሆነ ጥሩ የአሉሚኒየም ጎማ ይገዛ። ዋጋው ያነሰ ነው፣ በዝናብ የተሻለ ይቆማል፣ ሲጎዳም አስቀድሞ ያስታውቃል። ይህን ምክር ሰምቶ ካርቦኑን መግዛት የመረጠ ሰው ቢያንስ ለካርቦን ተብሎ የተሠራ የፍሬን ጎማ ይጠቀም፤ በአሉሚኒየም ቸርኬ ላይ ሲሠራ የቆየውን አሮጌ የፍሬን ጎማ ወደ ካርቦኑ አያዛውር። በአሮጌው ውስጥ የተሰገሰጉት የብረት ብናኞች ካርቦኑን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቁታል። ቁልቁለት ላይም ፍሬኑን ይዞ ከመጎተት ይልቅ ጠንከር አድርጎ መያዝና መልቀቅ፣ ፊትና ኋላውንም ማፈራረቅ ይገባል። ዲስክ ፍሬን ያለው ሰው ከዚህ ሁሉ ጭንቀት ነጻ ነው።

ሦስተኛ፦ የቸርኬው ጥልቀት

ቸርኬው ከውጭ ከንፈሩ እስከ ሽቦው መግቢያ ያለው ቁመት ጥልቀት ይባላል፤ 30፣ 40፣ 50፣ 60 ሚሊ ሜትር እየተባለ ይሸጣል። ጥልቁ አየርን በተሻለ ይሰነጥቃል፣ ነገር ግን ይከብዳል፣ የጎን ነፋስም ይገፋዋል። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል ወደ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ከባሕር ዳርቻ ከተሞች አየር በ15 በመቶ ያህል የሳሳ ነው። በመሆኑም ማስታወቂያዎቹ የሚጠቅሱት የአየር ጥቅም እዚህ በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ እንዲህም ሆኖ ሜዳው ላይ ከክብደቱ የበለጠ የሚሰማው ይኸው ነው።

ጠዋት ጣና ጸጥ ብሎ ሳለ 60 ሚሊ ሜትሩ ደስ ይላል። ከቀትር በኋላ መሬቱ ሲሞቅ ግን ነፋሱ ከሐይቁ ወደ የብስ ይነሣል፣ ግልጥ በሆነው የሐሙሲት መንገድ ላይም የፊቱን ጎማ ይዞ ያዞራል። ክብደቱ ከ65 ኪሎ በታች የሆነ ነጂ ይህ የበለጠ ይሰማዋል። መሪውን የሚያዛባው የፊቱ ጎማ ስለሆነ ከፊት 35 ወይም 40፣ ከኋላ 45 ወይም 50 ሚሊ ሜትር ማድረግ ለዚህ አካባቢ ተስማሚ ነው። አንድ ዓይነት ብቻ የሚሸጥ ከሆነ 40ው ይበቃል። ጥልቀቱ ሲመረጥ የማይረሳ ሌላ ጉዳይ አለ፦ በከተማችን ሱቆች የሚገኘው የውስጥ ጎማ ቫልቩ አጭር ነው። 50 ሚሊ ሜትር ቸርኬ ቢያንስ 70 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው ቀጭን ቫልቭ ወይም መቀጠያ ይፈልጋል፤ ያ ደግሞ ከጎማው ጋር አብሮ ካልታዘዘ ጎሚስታው ምንም ሊያደርግ አይችልም።

አራተኛ፦ ወርዱና ከንፈሩ

የቸርኬው የውስጥ ወርድ በቀድሞዎቹ 15 ወይም 17፣ በአሁኖቹ ከ19 እስከ 25 ሚሊ ሜትር ነው። ለ25 እና ለ28 ሚሊ ሜትር የውጭ ጎማ 19 ወይም 21 ሚሊ ሜትር የውስጥ ወርድ ይመቻል። ቸርኬ ያዥ ፍሬን ያለው ሰው የውጭ ወርዱን መጠየቅ አለበት፤ አሮጌ ፍሬን 27 ወይም 28 ሚሊ ሜትር ወርድ ላለው ቸርኬ ሙሉ በሙሉ ላይከፈት ይችላል።

ከንፈሩ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ጫፉ ወደ ውስጥ ታጥፎ የውጭውን ጎማ እንደ መንጠቆ ይይዛል፤ ሁለተኛው ቀጥ ያለ ነው። ቀጥ ያለው ለአምራቹ በርካሽ ስለሚሠራ በአነስተኛ ዋጋ ይመጣል፣ ክብደቱም ይቀንሳል፤ ነገር ግን የአየር ግፊቱ ከ5 ባር፣ ማለትም ከ72.5 ፒ.ኤስ.አይ. ማለፍ የለበትም፣ ለዚሁ ተብሎ የተፈቀደ የውጭ ጎማም ይፈልጋል። በየመንገዱ ዳር ያለው ኮምፕረሰር ደግሞ ለመኪናና ለባጃጅ የተዘጋጀ ነው፤ መለኪያው የሚሠራ ከሆነ እንኳ ከ5 ባር ላይ በትክክል አይቆምም። ስለሆነም እዚህ የሚነዳ ሰው ከንፈሩ የታጠፈውን ቢመርጥ ይሻላል። ያለ ውስጥ ጎማ የሚነዳበትን ዘዴም በተመለከተ፣ ቀዳዳ የሚደፍነው ፈሳሽ በሙቀት ስለሚደርቅ በየሁለትና ሦስት ወሩ መታደስ አለበት። ያንን ፈሳሽ በቋሚነት የሚያገኝበት መንገድ የሌለው ሰው በውስጥ ጎማ ይቆይ።

አምስተኛ፦ ሽቦ፣ ዳዶና ሞዞ

የመጀመሪያውን የካርቦን ጎማዬን የገዛሁት በግራሙ ብቻ ነበር። ከሐሙሲት ስመለስ ከኋላው ጎማ አንድ ሽቦ ተበጠሰ፤ ሽቦዎቹ በጠቅላላ 20 ብቻ ስለነበሩ ቸርኬው ወዲያው ተዛብቶ ከፍሬሙ ጋር ይፋተግ ጀመር፣ ብስክሌቱን ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ጭኜ ገባሁ። ሽቦው ጠፍጣፋ፣ አንገቱ ያልታጠፈ፣ ርዝመቱም ሌላ ቦታ የማይገኝ ስለነበረ፣ ከውጭ እስኪመጣ ድረስ ጎማው ሰባት ሳምንት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ከረመ። ጥፋቱ የሻጩ አልነበረም፤ ሽቦውን አልጠየቅሁትም ነበር።

ስለዚህ በዲስክ ጎማ ላይ ከፊትም ከኋላም 24 ሽቦ፣ ክብደቱ ከ80 ኪሎ በላይ ለሆነ ነጂ ደግሞ ከኋላ 28 ሽቦ ይመረጥ። በቸርኬ ያዥ ጎማ ላይ ከፊት 20 ይበቃል። አንገቱ የታጠፈ ሽቦ ከቀጥታው ይልቅ በየትኛውም አገር በቀላሉ ስለሚገኝ ይመረጣል፤ የቤልጂየሙ ሳፒምና የታይዋኑ ፒላር የታወቁ የሽቦ ስሞች ናቸው። ከጎማው ጋር ለእያንዳንዱ ርዝመት ቢያንስ ሦስት ሦስት መለዋወጫ ሽቦ ከነዳዶው (ሽቦውን ቸርኬው ላይ ከሚያጠብቀው ትንሽ ብሎን ጋር) ማዘዝ ግዴታ ነው ቢባል አይበዛም። የኋላው ጎማ ግራና ቀኝ ሽቦ ርዝመቱ ይለያያል፤ የዲስኩ የፊት ጎማም እንዲሁ። ርዝመቶቹን በወረቀት ጽፎ ከብስክሌቱ ሰነድ ጋር ማስቀመጥ ተገቢ ነው።

የሽቦው ዳዶ ከናስ ወይም ከአሉሚኒየም ይሠራል። አሉሚኒየሙ ለ48 ሽቦ በጠቅላላ 30 ግራም ያህል ያቀላል፤ ይሁን እንጂ ካርቦንና አሉሚኒየም እርጥበት ባለበት ሲነካኩ አሉሚኒየሙ ይበላል፣ ዳዶውም ሊፈታ ሲሞከር ይሰበራል። ናሱ ይሁን። ዳዶው በቸርኬው ውስጥ የተደበቀበት ጎማ ደግሞ ትንሽ መዛባት ለማስተካከል እንኳ የውጭውን ጎማ ማውለቅ ስለሚያስገድድ መተው አለበት።

ሞዞው ላይ መጠየቅ ያለበት የኩሽኔታው ቁጥር ነው። 6902 ወይም 6802 የሚል ዓይነት ቁጥር ከተሰጠ ኩሽኔታው በዓለም ሁሉ አንድ ዓይነት መጠን ያለው ስለሆነ፣ የሞተርና የማሽን ኩሽኔታ የሚሸጥበት ሱቅ ቁጥሩን ይዞ መጠየቅ ይቻላል። ቁጥሩን የማይነግር ሻጭ ሞዞውን ራሱም አያውቀውም ማለት ነው።

ስድስተኛ፦ አሁን ሚዛኑ

ከብስክሌት ጋር አብሮ የሚመጣ የአሉሚኒየም ጎማ ጥንድ ከ1,800 እስከ 2,000 ግራም ይመዝናል፤ በአነስተኛ ዋጋ የሚገኙ የቻይና የካርቦን ጎማዎች ከ1,350 እስከ 1,550 ግራም ናቸው። ልዩነቱ 400 ግራም ገደማ ነው እንበል። ነጂው 65፣ ብስክሌቱ 9፣ ውኃውና ዕቃው 1 ኪሎ ቢሆኑ በጠቅላላ 75 ኪሎ ይሆናሉ፤ 400 ግራም የዚህ ግማሽ በመቶ ብቻ ነው። ከወረታ እስከ ደብረ ታቦር ያለውን አቀበት በሁለት ሰዓት የሚወጣ ሰው በዚህ ምክንያት የሚያተርፈው ቢበዛ 40 ሰከንድ ነው። ሜዳው ላይ በእኩል ፍጥነት ሲነዳ ምንም ያህል አያተርፍም። የሚሽከረከር ክብደት ሁለት እጥፍ ይቆጠራል የሚባለው እውነት የሚሆነው ፍጥነት ሲጨመር ብቻ ነው፣ ያውም ለቸርኬውና ለውጭ ጎማው እንጂ ለሞዞው አይደለም።

ከዚህ ጋር የሚነጻጸር ሌላ ስሌት አለ። ጠርዙ ሽቦ የሆነ ርካሽ የውጭ ጎማ 380 ግራም ያህል ይመዝናል፤ የሚታጠፍ ጥሩ የውጭ ጎማ 230 ግራም ነው። ተራ የውስጥ ጎማ 100 ግራም፣ ቲ.ፒ.ዩ. ከሚባለው ፕላስቲክ የተሠራው 40 ግራም ነው። ለሁለቱም ጎማዎች ሲደመር 420 ግራም ይቀንሳል፤ ይህም የካርቦን ጎማው ካስገኘው የማያንስ ሲሆን ወጪው ግን የዚያን ሩብ ያህል ቢሆን ነው። ስለዚህ የተጠራቀመው ገንዘብ መጀመሪያ ወደዚህ ይሂድ። የቲ.ፒ.ዩ. የውስጥ ጎማ ግን በጎሚስታ ማስቲሽ አይለጠፍም፤ የራሱ መለጠፊያ አብሮ ይገዛ፣ ቸርኬ ያዥ ፍሬን ላለው ሰውም ለሙቀት የተፈቀደ መሆኑ ይረጋገጥ።

ሰባተኛ፦ ግዢውና ጉዞው

ተቀባይነት ያላቸው የቻይና ጎማዎች፣ እንደ ላይት ባይሲክል፣ ዊንስፔስ፣ ኢሊትዊልስና አይካን ያሉት፣ በራሳቸው ስም ይሸጣሉ። የታወቀ የአውሮፓ ስም ተለጥፎበት በሩብ ዋጋ የሚቀርብ ጎማ ሐሰተኛ ነው፤ ስለ ተለጣፊው ከዚህ በላይ የሚባል የለም። ከ400 እስከ 700 ዶላር ባለው ክልል በጥንቃቄ የተመረጠ ጎማ ይገኛል።

ከዋጋው ይልቅ ሰውን የሚያስደነግጠው ማጓጓዣው ነው። ጎማ ቀላል ቢሆንም ካርቶኑ ሰፊ ነው፤ የአየር አጓጓዦች ደግሞ የካርቶኑን ርዝመት፣ ወርድና ቁመት በሴንቲ ሜትር አባዝተው ለ5,000 በማካፈል በሚያገኙት ኪሎ ያስከፍላሉ። 65 በ65 በ20 ሴንቲ ሜትር የሆነ ካርቶን በዚህ ስሌት 17 ኪሎ ያህል ይሆናል፤ ጎማው ራሱ ግን 1.5 ኪሎ ነው። ቀረጥም የሚታሰበው በዕቃው ዋጋ ላይ ብቻ ሳይሆን ማጓጓዣውና ኢንሹራንሱ ተደምረው ነው። ስለዚህ ከክፍያ በፊት የካርቶኑን መጠን መጠየቅ፣ ከተቻለም ከውጭ የሚመጣ ዘመድ በሻንጣ ድርሻው እንዲያመጣ መለመን የተሻለ ነው።

ያገለገለ ጎማ እጅ በእጅ የሚገዛ ሰው ፀሐይ ላይ አውጥቶ የቸርኬውን ከንፈር ዙሪያውን በጣቱ ይዳስስ፤ እብጠት፣ ስንጥቅ ወይም የተላጠ ክር ካለ ዋጋው ምንም ያህል ቢወርድ ይተወው። በሳንቲም ቸርኬውን ቀስ እያሉ መታ መታ ማድረግም ይረዳል፤ ድምፁ በአንድ ቦታ ላይ ድንገት ከታፈነ ውስጡ የተላቀቀ ሊሆን ይችላል።

ስምንተኛ፦ ሲደርስ መፈተሽና መግጠም

ካርቶኑ ከመከፈቱ በፊት ፎቶግራፍ ይነሣ። ጎማዎቹ በወጥ ቤት ሚዛን ይመዘኑ፤ ከተባለው እስከ 3 በመቶ ቢበልጡ የተለመደ ነው። ከዚያ ጎማውን ሹካው ላይ አስሮ ማሽከርከርና ጣትን ከቸርኬው አጠገብ አስጠግቶ መዛባቱን ማየት ነው፤ ከግማሽ ሚሊ ሜትር በላይ ግራና ቀኝ የሚል ከሆነ መስተካከል አለበት። ሽቦዎቹንም እንደ ክራር እየነኩ ማዳመጥ ይቻላል። በአንድ ጎን ያሉት ሁሉ ተቀራራቢ ቅኝት ሊኖራቸው ይገባል፤ የኋላው ጎማ የቀኙ ጎን ከግራው ቀጠን ያለ ድምፅ ቢሰጥ ግን ጤነኛ ነው። ጠፍጣፋ ሽቦ ሲጠበቅ አብሮ እንዳይጠመዘዝ በሌላ እጅ መያዝ እንዳለበት ለጠጋኙ አስቀድሞ መንገር ነውር የለውም።

የቸርኬው የውስጥ ቀዳዳዎች በቴፕ መሸፈናቸው፣ ሮንዴላዋ መግባቷ፣ ዲስኩ ወይም የፍሬኑ ጎማ አለመፋተጉ ከተረጋገጠ በኋላ የመጀመሪያው ጉዞ እስከ መራዊ ደርሶ መልስ፣ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ይበቃል። አዲስ ሽቦ በመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች ትንሽ ይላላል፤ ስለዚህ ቤት ሲደረስ ብስክሌቱን ገልብጦ ሽቦዎቹን እንደገና ማዳመጥ፣ ድምፁ የወረደውንም በሩብ ዙር ማጥበቅ ያስፈልጋል።